ቡቡ ኡናይሲ ቀይ የቀቧቸው መሰኪያዎች

የሆስፒታሉን ኔትወርክ የሚጠብቁት ሴት የተቀበሉኝ የጥፍር ቀለም በእጃቸው ይዘው ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የኔትወርክ መሰኪያ ዙሪያውን ቀይ ይቀባሉ። «ቡላ» ብዬ በፊጂ ልማድ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«ቡላ። ያ ከዋናው ከተማ ከሱቫ ይመጣል የተባለው አንተ ነህ? በል እግርህን ሰብስብ፣ ቀለሜን ልትደፋብኝ ነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ስማቸው ኡናይሲ ነው፤ ከዋናው ሐኪም እስከ ዘበኛው ድረስ ግን ሁሉም ቡቡ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው የከተማው ስልክ ገና በሰው እጅ በሚገናኝበት ዘመን፣ ፖስታ ቤት ቁጭ ብለው የዚህን ሰው ገመድ እዚያ ቀዳዳ፣ የዚያን ሰው ገመድ እዚህ ቀዳዳ ሲሰኩ የኖሩ ናቸው። የስልክ ማዞሪያው ሲዘጋ ሆስፒታሉ ወሰዳቸው። ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው መመሪያውን እያነበቡ ተማሩት። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ሰኞ ግን ያየሁት አንዲት አሮጊት ከጥፍር ቀለም ጋር ነበር፤ በሆዴ ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

እኔ አቪኔሽ እባላለሁ፤ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር።

የተላክሁበት ጉዳይ ቀልድ አልነበረም። ናይቫካ ከፊጂ ደሴቶች በአንዷ ጥግ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ሆስፒታሏ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን የሚያስተኛበት ክፍል ኖሮት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ሲስተር ቶሪካ ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል በሚነሳው ጀልባ ላይ ትወጣና አምስት ሰዓት ባሕር ላይ ትጓዛለች፣ ትልቁ ሆስፒታል እስክትደርስ። በአሥራ አንድ ዓመት ሠላሳ አንድ ሕፃን አጅባለች። ስድስቱ እቅፏ ውስጥ ሞተዋል። ሲስተር ቶሪካ ስለዚህ ጉዳይ አታወራም፤ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

አሁን አራት ማሞቂያ አልጋ ያለው ክፍል ተሠርቶ አልቋል። እያንዳንዱ አልጋ የሕፃኑን የልብ ምትና ትንፋሽ የሚቆጥር ሞኒተር አለው፤ አራቱም ቁጥራቸውን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው አንድ ስክሪን ይልካሉ። የቀረው የሚኒስቴሩ ፈቃድ ብቻ ነው። መርማሪዋ ዓርብ ይመጣሉ። የሞኒተሮቹ ኔትወርክ ከሌላው ሁሉ የተለየና የማይቆራረጥ መሆኑን ካዩ ይፈርማሉ፤ ካላዩ ክፍሉ ተቆልፎ ይቆያል፣ ሲስተር ቶሪካም ወደ ጀልባዋ ትመለሳለች። የእኔ ሥራ ያ ፊርማ እንዲገኝ ማድረግ ነበር።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ከባድ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። የሆስፒታሉ ሽቦ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ስዊቾች በሚባሉ ባለብዙ ቀዳዳ ሳጥኖች ላይ ያልቃል። ሽቦው አንድ ቢሆንም በትእዛዝ ይከፋፈላል። የሕፃናቱ መሣሪያዎች ለብቻቸው፣ መዝገብ ቤቱ ለብቻው፣ እንግዶች ለብቻቸው ይሆናሉ፤ አንዱ ሌላውን አያየውም። ታዲያ አንድ መሣሪያ ሲሰካ የየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ቡቡ ኡናይሲ መልሳቸው በቦታው የሚል ነበር። ይህ መሰኪያ የሕፃናቱ ነው ካሉ፣ እዚያ ላይ የተሰካ ሁሉ የሕፃናቱ ነው። ቀይ የሕፃናቱ፣ ሰማያዊ የመዝገብ ቤት፣ አረንጓዴ የእንግዳ። ያልተቀባ መሰኪያ ሞቶ የተዘጋ ነው፤ ምንም ብትሰካበት አይሰማህም።

«ቡቡ፣ ይሄ እኮ የድሮ አሠራር ነው» አልኳቸው።

«እኔስ የመቼ ነኝ?»

«ማንም ሰው የራሱን ኮምፒውተር አምጥቶ ቀዩ ላይ ቢሰካ ከሕፃናቱ መሣሪያዎች ጋር ተቀላቀለ ማለት ነው።»

«ማንም የምትለው ማንን ነው? ስም የለውም?»

«ማንም ነዋ! ሌባ ሊሆን ይችላል።»

«ሲስተር ቶሪካን አልፎ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው መላ ሰውነታቸውን ይነቀንቃል። «ወይ አንተ ልጅ! ያንን ሌባ ካገኘኸው አሳየኝ፣ ሥራ እንቀጥረዋለን።»

እኔ ያመጣሁት ዘዴ ሌላ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የራሱ ቁጥር አለው፣ እንደ መታወቂያ። ያን ቁጥር በዝርዝር መዝግበህ ለስዊቹ ትሰጠዋለህ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የትም ይሰካ የት፣ ስዊቹ ቁጥሩን አይቶ ወደ ወገኑ ይልከዋል። ያልተመዘገበ አይገባም። ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያኮራ ሥራ ነው።

ቡቡ ኡናይሲ እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጡኝ። ከዚያ የቀለሙን ጠርሙስ ከደኑና «ለዶክተሮቹ ላፕቶፕ መልካም ነው» አሉ። «እነሱ አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ጠዋት ቀዶ ጥገና፣ ከሰዓት ተመላላሽ። እነሱን በስማቸው ያዛቸው። ለሌላው ግን አይሆንም፣ ልጄ። እዚህ ቤት ዕቃ ካለበት አይገኝም። ሰው ኬሬኬሬ ሲልህ እምቢ ትላለህ?»

ኬሬኬሬ የቸገረው ሰው ከዘመዱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከሥራ ባልደረባው የፈለገውን የሚጠይቅበት ልማድ ነው። እምቢ ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል። የሰጠም ሰው «መቼ ትመልሳለህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። እኔ ይህን የማላውቅ የባሕር ማዶ ሰው ብሆን አይፈረድብኝም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ግን እዚሁ ፊጂ ነው፤ የእናቴ ትልቁ ድስት ጎረቤት ዘንድ፣ የጎረቤታችን መጋዝ እኛ ዘንድ እያለ ነው ያደግኩት። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን የምኖርበትን አገር እረሳለሁ። ሞኝነቴ ይኸው ነው።

«ቡቡ፣ ሆስፒታል እኮ ነው። ዕቃው የመንግሥት ነው» አልኳቸው።

«የመንግሥት ከሆነማ ይበልጡን ይዞራል» አሉና ተነሡ። «የተላክኸው አንተ ነህ። እንደ መሰለህ አድርግ። የእኔን አሠራር ግን ስዊቹ ውስጥ አስቀምጥልኝ፣ እንዳታጠፋው።»

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የመቶ አርባ ሁለት መሣሪያ ቁጥር መዘገብኩ። ማታ አዲሱን ሕግ ሥራ ላይ አዋልኩት። ሁሉም ሠራ። እንደ ንጉሥ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት የድንች ካሪ ወጥ ሮቲ በሚባለው ቂጣ ጠቅልዬ እየበላሁ ሳለ ከፋርማሲ ጠሩኝ። ማተሚያቸው አልታዘዝ ብሏል። ሄጄ ባየው ማተሚያው የእነሱ አይደለም፤ የመዝገብ ቤቱ ነው፣ በጠዋት ኬሬኬሬ ብለው ወስደውታል። በእኔ ዝርዝር ማተሚያው የመዝገብ ቤት ስለሆነ ፋርማሲ ተሰክቶም አሁንም የሚያየው መዝገብ ቤቱን ነው፤ የታዘዘውን ሁሉ እዚያ ላለው ሰው ያትማል። ዝርዝሩን አስተካከልኩ። ሳልቀመጥ ላቦራቶሪ ጠራኝ። ከላቦራቶሪ ሳልወጣ ራጅ ክፍል ጠራኝ። እስከ ረፋድ አሥራ አንድ ዕቃ ቤቱን ለቆ አገኘሁ። የሚገርመው አንድም ሰው የሰረቀ፣ አንድም ሰው የዋሸ የለም፤ ሁሉም እየሳቀ «አዎ እኮ፣ ሰጠኋት፣ ቸግሯት ነበር» ይለኛል። ምን ብለህ ትቆጣለህ!

ያኔ ከኮሪደሩ ጫፍ የሲስተር ቶሪካ ድምፅ መጣ።

«አቪኔሽ! የት አባክ ነህ? ስክሪኔ ታውሯል!»

ሮጥኩ። ክፍሉ ገና ሕፃን ስላልገባበት ነርሶቹ መሣሪያውን የሚሞክሩት በራሳቸው ገላ ላይ ነው። ሲስተር ቶሪካ የሞኒተሩን ገመድ ጣቷ ላይ አጥልቃ፣ ሌሎች ሦስት ነርሶችም እንደሷ ታስረው አልጋዎቹ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ግን ባዶ ነው።

«ምን ነካሽው?» አልኳት።

«ምን ነካሁት? የቀድሞው ኮምፒውተር ጠዋት አልነሣ አለኝ፣ ለጥገና ሰደድኩት። ከመዝገብ ቤት ኬሬኬሬ ብዬ ሌላ አመጣሁ። ቀዩ ላይ ሰካሁት። ገጹን ከፈትኩት። ባዶ። በቡቡ ጊዜ ሦስቴ ቀይሬያለሁ፣ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም!»

መዝገብ ቤት ስትል ነገሩ ገባኝ። ያ ኮምፒውተር በእኔ ዝርዝር የመዝገብ ቤት ነው። ሕፃናቱ ክፍል ተቀምጦ፣ ቀዩ መሰኪያ ላይ ተሰክቶ፣ ሞኒተሮቹን በሁለት ሜትር ርቀት ላይ እያየ አያያቸውም። እኔ እንዳያያቸው አዝዣለሁ።

«ቆይ፣ ዝርዝሩን ላስተካክል። አምስት ደቂቃ ነው» አልኳት።

«አምስት ደቂቃ?» ገመዱን ከጣቷ ልትመነጭቀው ያዘችው። «አምስት ደቂቃ ትንፋሹ የቆመ ሕፃን አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ።»

ዝርዝሩን ላስተካክል ወደ ስዊቾቹ ክፍል ዞርኩ። ከክፍሉ ስወጣ ደግሞ ከእንግዶች መጠበቂያ አዳራሽ ሳቅና ጭብጨባ ሰማሁ። ገባሁ። የተበላሸ የተባለው ኮምፒውተር የኃይል ገመዱ ላልቶ ኖሮ ጠጋኙ በቅጽበት አስነስቶታል፤ ከዚያ የአዳራሹ ኃላፊ ኬሬኬሬ ብሎ ወስዶታል፣ ለሕዝቡ የራግቢ ጨዋታ ሊያሳይበት። ተሰክቷል፣ አረንጓዴው መሰኪያ ላይ። ግን ራግቢ የለም። በዝርዝሬ ይህ ኮምፒውተር የሕፃናቱ ክፍል ነው፣ የትም ቢሄድ የሕፃናቱ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የአራቱ ነርሶች የልብ ምት ነው። ሚስቶቻቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች፣ ካሳቫቸውን ከፌስታል እየበሉ፣ ቁጥሮቹን ከበው ይፎካከራሉ።

«ሁለተኛዋ ተኝታለች፣ ስድሳ ነው» ይላል አንዱ።

«አንደኛዋን እያት! መቶ ሃያ አራት! ይቺ ሴት ወይ ፍቅር ይዟታል ወይ ሰው ልትገድል ነው።»

«ጠፋች! ጠፋች! አንደኛዋ ከጨዋታ ወጣች!»

አንደኛዋ ሲስተር ቶሪካ ነበረች፤ ሊገደል የነበረውም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ የነርሶች ልብ በመሆኑ ሳቁ። ዓርብ ቢሆን፣ አልጋው ላይ እውነተኛ ሕፃን ቢኖር፣ እናቱ ይህን አዳራሽ አልፋ የልጇን ልብ ለመወራረጃ ሲያደርጉት ብታይስ? ሌባ ይገባል ብዬ ፈርቼ በሩን ከፍቼ የሕፃናቱን ምስጢር ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ገበያ ሄጄ አንድ እቅፍ የያንጎና ሥር፣ ተፈጭቶ የሚጠጣውን፣ ገዛሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ስዊቾቹ ያሉበት ክፍል በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩና ዝቅ ብዬ ቡቡ ኡናይሲ ፊት አኖርኩት።

«ቡቡ፣ በድያለሁ። የነገሩኝን አልሰማሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ሥሩን ነካ አድርገው መዳፋቸውን አጎድጉደው ሦስቴ አጨበጨቡ፤ መቀበላቸው ነው። «ተቀብያለሁ» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ፈካ። «ለመሆኑ ውርርዱን ማን አሸነፈ?»

«ቡቡ!»

«እኔ እኮ ብኖር ቶሪካን ነበር የምይዘው።»

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ያን ቀን ያየሁትን ሳስብ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። ሴትዮዋ መቶ ዘጠና መሰኪያ ያለበትን ሕንፃ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ስዊቹ ላይ ያለውን ቀዳዳ ይነኩና «ይህ የማዋለጃው ግራ ግድግዳ ነው፤ ያኛው ከመስኮቱ ሥር ያለው ነው፤ ዝናብ ስለሚገባበት ዘግቼዋለሁ» ይላሉ። ከግድግዳው እስከ ስዊቹ ሽቦው ሁለት ጫፉ ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል። ሰው ስዊቹ ጋ ሽቦ ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ቢሰካ ወገኑ ሁሉ ይዛባልና፣ የዚያ ክፍል ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር ነው የሚንጠለጠለው።

«ታዲያ ሁልጊዜ በቦታ ነው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ማን አለ? ዶክተሮቹን በስማቸው ያዝካቸው አይደል? እሱን አትንካ። ጥሩ ሠርተሃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእነሱ ላፕቶፕ ጋር ስሟገት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ በሄዱበት ሁሉ እንግዳ እየሆኑ ይጮሁብኝ ነበር።» ይህን ሲሉ ቀልድ አልነበረባቸውም፤ ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን እንዲህ ሲያመሰግን ብዙ አላየሁም። «አየህ፣ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የማይለወጠው የቱ ነው? ሐኪሙ ይዞራል፣ ላፕቶፑ ግን የእሱው ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፑን እይ። የሕፃናቱ ክፍል ግን ነገም የሕፃናቱ ክፍል ነው። ዕቃው ይበላሻል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል። እዚያ ዕቃውን ሳይሆን ግድግዳውን እመን።»

«ግድግዳው ላይ የማይገባው ሰው ቢሰካስ?»

«ያማ ነው ቁም ነገሩ። በር የሌለው፣ ጠባቂ የሌለው ቦታ ላይ ቀይ አልቀባም። ኮሪደር ላይ ቀይ አይተሃል? አዳራሽ ላይ አይተሃል? እዚያ ሚኒስትሩም ቢሰካ እንግዳ ነው። በመንደራችን መሰብሰቢያ ቤት ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ስታይ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። የላይኛው ቦታ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም፤ ለምን ቢሉ ሁሉም ያየዋላ።»

እስከ ማታ ሁሉንም መለስነው። የማክሰኞው ሕግ ለሃያ ሦስት ላፕቶፕ ብቻ ቀረ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ዶክተር ላቬኒያ ደረሱ። ረጅም፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለሕፃናቱ ኔትወርክ የተፈቀደላቸው መሣሪያዎች ዝርዝር የታለ?» የሚል ነበር።

«የለም» አሉ ቡቡ ኡናይሲ። «የመሰኪያ ዝርዝር ነው ያለኝ» ብለው በእጃቸው የሣሉትን የሕንፃውን ካርታ ዘረጉ፣ ባለቀለሙን።

«ቅጹ የሚለው የመሣሪያ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ደግሞ እኔ ራሴ ከሦስት ቀን በፊት ያንኑ ወረቀት ይዤ ስዞር የነበርኩ ሰው ነኝ።

ዶክተር ላቬኒያ ግን ሞኝ አልነበሩም። የራሳቸውን ኮምፒውተር አወጡና ኮሪደሩ ላይ ሰኩት፤ ሞኒተሮቹን ፈለጉ፤ አላገኙም። አዳራሹ ውስጥ ሰኩት፤ አላገኙም። ያልተቀባ መሰኪያ ላይ ሰኩት፤ ምንም የለም። ከዚያ ወደ ሕፃናቱ ክፍል አመሩ። በሩ ላይ ሲስተር ቶሪካ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«መርማሪዋ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጫማዎን ያውልቁ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ስምዎን እዚህ ይጻፉ።»

አወለቁ፣ ታጠቡ፣ ጻፉ። ገብተው ኮምፒውተራቸውን ቀዩ ላይ ሰኩት፤ አራቱም ሞኒተሮች ወዲያው ታዩዋቸው። ዞር ብለው «ይኸው ገባሁ። ይህ ክፍተት ነው» አሉ።

«ሳይጠየቁ ገቡ?» አሉ ቡቡ ኡናይሲ፣ በለሆሳስ።

ዶክተር ላቬኒያ ቅጻቸውን አወጡ። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ያን ብዕር እያየሁ ነው። ሲስተር ቶሪካ ግን ብዕሩን አላየችም፤ በኮሪደሩ የሚመጣ ሩጫ ሰምታ ዞራለች።

ሩጫው የአዋላጇ ነበር፤ ወላዷ ሚሊካ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ባሏ ሸንኮራ በሚጭንበት መኪና ከኮረብታው አምጥቷት፣ ማዋለጃ ክፍል በደረሰች በሃያ ደቂቃ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ዘጠኝ ሳምንት ቀድማ የመጣች። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ እየሮጠች አመጣቻት። ሲስተር ቶሪካ ተቀብላ ማሞቂያ አልጋው ላይ አስተኛቻትና ገመዶቹን አሰረች። የአልጋው ሞኒተር አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። ቁልፉን ደግማ ተጫነችው። ጠፍቷል።

«ሌላ ሞኒተር!» አለች። ጮኻ አይደለም፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

የቀሩት ሦስቱ ሞኒተሮች ከየአልጋቸው ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው። ቀዶ ጥገና ክፍል ኮሪደሩን ተሻግሮ ነው። አንዲት ነርስ በረረች፤ ኬሬኬሬ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፣ ባለ ጎማውን ሞኒተር ከቀዶ ጥገና አልጋው አጠገብ ካገኘችበት እየገፋች መጣች። ይህ መሣሪያ ይህን ክፍል አይቶ አያውቅም። በማንም ዝርዝር ውስጥ የለም። የኔትወርኩ ገመድ ሲጎተት የዶክተር ላቬኒያ እግር ሥር ወደቀ። ከመሬት አነሡት።

«የት ልሰካው?» አሉ።

«ቀዩ ላይ» አሉ ቡቡ ኡናይሲ።

ሰኩት። ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው ስክሪን ዞርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነው የወሰደው። ቁጥሩ መጣ። መቶ ሃምሳ ሁለት። ከሥሩ የትንፋሽዋ መስመር፣ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የማንም ስም አልተመዘገበም፣ የማንም ፈቃድ አልተጠየቀም። ቡቡ ኡናይሲን አየኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ኩራት የለም፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነው። እኔ ግን ኮራሁባቸው፣ የራሴ አያት የሆኑ ያህል።

ሲስተር ቶሪካ የሕፃኗን እግር በሁለት ጣት ይዛ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ከሩብ። ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ጀልባው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል» አለች። «ወደብ ለመድረስ፣ ቦታ ለማስያዝ፣ ልጅቷን ለማሞቅ ጊዜ ያስፈልገኛል። የማይፈርሙ ከሆነ አሁኑኑ ልነሳ። የሚፈርሙ ከሆነም አሁኑኑ ይንገሩኝ። እንዲሁ ቆሜ መጠበቅ አልችልም።»

ዶክተር ላቬኒያ ስክሪኑን አዩ። ቀዩን መሰኪያ አዩ። ቅጹ ላይ «የመሣሪያ ዝርዝር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው ከላዩ «የመሰኪያ ካርታ፣ ተያይዟል» ብለው ጻፉና ከታች ፈረሙ።

«ጀልባው ይሂድ» አሉ።

ሲስተር ቶሪካ የሕፃኗን እግር ሳትለቅ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አሥራ አንድ ዓመት ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ጡሩምባውን ነፋ። ቀና ብላ አላየችም።